የነፋስ ቤተ መንግሥት በጉለሌ

«ከጨረቃ በር እገባለሁ» አለች ቡርቱካን፣ ፀጉሯ በተሳበ ቁጥር አንገቷ ወደ ኋላ እየሄደ።

«ከዚያስ?» ቶይባ በማበጠሪያው ጫፍ የልጇን ፀጉር መሃል ለመሃል ከፈለችው።

«ከዚያ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በግራም በቀኝም ሱቅ። ሱቆቹ ሁሉ ቁመታቸው እኩል ነው፣ ቀለማቸውም አንድ። ትንሹን አደባባይ አልፋለሁ። ቤተ መንግሥቱ በግራ በኩል ከአጥሩ በስተኋላ ይቀራል። ትልቁ አደባባይ ላይ ስደርስ ቀጥታ ብሄድ ራምጋንጅ ነው፤ የአያቴ ቤት። ወደ ግራ ብታጠፍ የነፋስ ቤተ መንግሥት። እማዬ፣ አባዬ እኮ አብሮኝ ነው። ለምንድን ነው የማጠናው?»

«አባትሽ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆነው። ቢጠፋበትስ?»

ቡርቱካን ሳቀች። አባቷ ጃይፑር ሲጠፋበት ማሰብ ያስቃል። ረፊቅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጋቢው ውስጥ ተኝቶ፣ የከተማይቱን መንገዶች በጣቱ አየር ላይ የሚስል ሰው ነው። ቶይባም የሳቁን ድምፅ ሰማችው፤ የጀመረችውን ሹሩባ ጫፉ ድረስ አጥብቃ ጨረሰች።

ጥር 1970 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አውሮፕላን ቡርቱካንንና አባቷን ይዞ ከቦሌ ወደ ቦምቤ ይነሣል። ቶይባ አትሄድም። ረፊቅ የህንድ ዜጋ ነው፤ ቡርቱካንም ከልጅነቷ ጀምሮ በእሱ ፓስፖርት ላይ ተመዝግባለች። ቶይባ ግን የመውጫ ቪዛ ለመጠየቅ አንድ ክረምት ሙሉ ተመላልሳ፣ በመጨረሻ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና ሳይል «ባልሽ ይሂድ። አንቺን አገርሽ ትፈልግሻለች» ብሏት ተመልሳለች።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ለመሄድ የቆረጡት ሐሙስ ዕለት ነው። ትምህርት ቤት ከቡርቱካን ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ከቤቷ ከተወሰደች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ቀበሌው ቡርቱካን ሰኞ ጠዋት ለጥያቄ እንድትቀርብ ላከ። በዚያ ወራት ለጥያቄ የቀረበ ልጅ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር ሰው አልነበረም። ረፊቅ ማታውን ዕቅዱን በሹክሹክታ ነገራቸው። አርብ ጠዋት ሻንጣውን አንሥቶ፣ ለጎረቤት እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፋብሪካ ዕቃ ማስረከብ አለብኝ፣ ፒያሳ አድራለሁ» አለና ወጣ። ኮንትራቱ ስላልታደሰለት በወሩ መጨረሻ አገሩ እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ሻንጣው ውስጥ የቡርቱካን ጥሩ ቀሚስና ባለማሰሪያው ጥቁር ጫማዋ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ጫማ አሥራ የጉለሌን ዳገት የምትወርድ ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ትጠየቃለች። ስለዚህ እግሯ ላይ ያለው የዘወትር ኮንጎዋ ነው፣ ማሰሪያ የሌለው የላስቲክ ጫማ። ጫማዋን ቦሌ ትቀይራለች።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። እናትና ልጅ በሽተኛ ለመጠየቅ እንደሚሄድ ሰው ሆነው ከቤት ይወጣሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል በር ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ረፊቅ ታክሲ ውስጥ ሆኖ እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ሦስቱም አብረው ቦሌ ይወርዳሉ። ቶይባ ልጇን የምትሰናበተው እዚያ ነው፤ ማንም የማያውቃት ቦታ፣ እንዳሻት አልቅሳ። ለሁለት ቀን ስታስበው የቆየችው ይህንኑ ነበር። የምትላትን ቃል ሁሉ ለቦሌ አስቀምጣዋለች።

ረፊቅ አንድ ነገር ብቻ አሳስቧት ነበር። «ቤት ውስጥ ምንም አዲስ ነገር እንዳይታይ። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ይሁን።»

ቶይባ ይህን ለመፈጸም ከማንም የተሻለች ነበረች። ፋብሪካው ውስጥ ሥራዋ የጨርቅ ፍተሻ ነው። በመብራት በተሞላ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ያለማቋረጥ ያልፋል፤ እሷ የተቆረጠውን ክር፣ ያበጠውን ቋጠሮ፣ ከመስመር የወጣውን ቀለም ታያለች። ከረፊቅ ጋር የተገናኙትም እንዲሁ ነው። እሱ የቀለም ክፍል ኃላፊ ሆኖ በመጣ በዓመቱ፣ አንዲት ፈታሽ የእሱን ጨርቅ እየደጋገመች እንደምትመልስ ሰማና ሊጣላት ወረደ። አሳየችው። አበባው ከቅጠሉ አንድ ክር ያህል ፈቀቅ ብሏል። ረፊቅ አባቱና አያቱ ከጃይፑር ወጣ ብላ ባለች መንደር ጨርቅ በእንጨት ማኅተም እያተሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ወንዙ ዳር ያለው አሸዋ ሁሉ በሚደርቅ ጨርቅ ሲሸፈን እያየ ነው ያደገው። አንድ ክር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስላገኘ ጥሉን ረሳው።

የተከራዩትን ቤት የመረጠው ረፊቅ ነው። ከዊንጌት በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ በረንዳው ከወገብ በላይ በእንጨት ጥልፍልፍ የተዘጋ ነበር። ድሮ የህንድ አናጢዎች የሠሩት ነው ይባላል። ረፊቅ ጥልፍልፉን ሲያይ በእጁ ዳበሰው፣ ሳቀ፣ ኪራዩንም ሳይከራከር ተስማማ። ከዚያ ከቤቱ ጓሮ ካለው ቁልቁለት ቀይ አፈር ቆፍሮ፣ ነፍቶ፣ ከኖራ ጋር በጥብጦ የበረንዳውን ግድግዳ ቀባው። ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሦስት ጊዜ አጠፋው። በአራተኛው «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለ። ቀለሙ ቀይም ሮዝም አልነበረም። ዝናብ ጠጥቶ የደረቀ ሸክላ ይመስላል።

«አገሬ እንዲህ ናት፤ ከተማው በሙሉ» አላት። «ከመቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ልዑል ሊጎበኝ ሲመጣ ንጉሡ ከተማውን በአንድ ቀለም አስቀባው። እንግዳው ሄደ፣ ቀለሙ ቀረ።»

በዚያ በረንዳ ላይ ቶይባ ጃይፑርን ተማረች። ከዋክብት የሚወድ አንድ ንጉሥ ከተራራው ምሽጉ ወርዶ ሜዳው ላይ ገመድ አስዘርግቶ እንዳሠራት፤ በዘጠኝ አራት ማዕዘን ተከፍላ መንገዶቿ ሁሉ ቀጥ እንዳሉ። ንጉሡ ያቆመው የድንጋይ የፀሐይ ሰዓት ከፎቅ ቤት እንደሚበልጥና ጥላው ሲራመድ በዓይን እንደሚታይ። ተራራው ላይ በቀረው በአሮጌው ቤተ መንግሥት ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው በመስታወት ስብርባሪ የተለበጠ ክፍል እንዳለ፤ አንድ ሻማ ሲበራ ሰማይ ሙሉ ኮከብ እንደሚሆን። በጥር ወር ልጆች ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥተው በክር የታሰረ ወረቀት ሲያበርሩ ሰማዩ እንደሚሸፈን።

ከሁሉ ይልቅ ግን የነፋስ ቤተ መንግሥት ነበር። አምስት ደርብ ያለው፣ ከፊት ሲታይ የማር እንጀራ የሚመስል፣ ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን ባለጥልፍልፍ መስኮት ብቻ። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ለሕዝብ አይታዩም ነበር። መንገዱን፣ ገበያውን፣ በዝሆን የሚያልፈውን ሰልፍ የሚያዩት በእነዚያ መስኮቶች ነው። ነፋሱም በዚያው ይገባላቸዋል።

ቡርቱካን ሰባት ዓመቷ ላይ እያለች አባቷን ጠይቃው ነበር። «ሴቶቹን ማንም ካላያቸው፣ እዚያ መኖራቸው በምን ይታወቃል?»

ረፊቅ አሰበ። «አይታወቅም። ግን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ይላል።»

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባው ሲያልቅ ቶይባ ተነሣችና ቤቱን በዓይኗ ፈተሸችው። ሻንጣ የለም። የተከፈተ ቁምሳጥን የለም። ልጅቷ የዘወትር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሲወጡ ፀጉሯን በሻሿ ትሸፍናለች፣ ኮንጎዋን ተጫምታለች። ምንም ከመስመር የወጣ ነገር አልታያትም።

ስህተቱ ከምድጃው ላይ ነበር።

ቶይባ ከማለዳው ጀምሮ ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነበር። ይህን ስታደርግ ስህተት ነው ብላ አላሰበችም፤ በእርግጥ ምንም አላሰበችም። ሊጡን ሌሊቱን አቡክታ፣ በበርበሬና በቅቤ አሽታ፣ በጣቷ አድቡልቡላ በቢላ ቆርጣ፣ ጠዋት ብረት ምጣዱ ላይ አፈሰሰችው። ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ ያለ ስንቅ አይሸኝም። እናቷ እሷን ከስልጤ አገር ወደ አዲስ አበባ ስትልካት የሰጠቻት ይህንኑ ነው። እጇ የሚያውቀውን ሠራ። የምታየውን ሁሉ ስትቆጣጠር፣ የሚሸተውን ረሳችው። ሲበርድ ረፊቅ ያተመው ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ ሞልታ አፉን አሰረችው። በዘንቢሏ ይዛው ልትወጣ ነበር።

«ቶይባ! አንቺ ቶይባ!» የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ዓለምነሽ ነበረች፤ ድምፅዋ ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር የማይምታታ ሴት። «ማን ሊሄድ ነው? እኔን ደብቀሽኝ? ዳቦ ቆሎሽ እኮ ዊንጌት ድረስ ይሸታል!»

ቶይባ እጇ ከረጢቱ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ማንም አይሄድም!» አለች።

«ማንም ካልሄደ ለወፎቹ ነው የምትቆዪው?» ዓለምነሽ እየሳቀች በጓሮው በር ገባች። ነገር ግን ሳቋ ሳያልቅ ከኋላዋ፣ በዋናው በር በኩል፣ የእግር ድምፅ መጣ።

ስለሺ ነበር። ካኪ ለብሷል፤ አሮጌ ምንሽር ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ በፊት ግን እናቱ ፋብሪካ ስትውል ቶይባ ቤት ምሳ እየበላ ያደገ ልጅ ነበር። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ።

«እንደምን አደራችሁ እትዬ ቶይባ።»

«አልሃምዱሊላህ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«ተጓዥ አለ እንዴ?» ዓይኑ ከረጢቱ ላይ አረፈ። «ሽታው መንገድ ላይ ነው ያገኘኝ።»

ዓለምነሽ አፏን ከፍታ ነበር፤ ልትቀልድ። ከዚያ የቶይባን ፊት አየች። ከቶይባ ወደ ቡርቱካን፣ ከአዲሱ ሹሩባዋ ወደ ከረጢቱ ተመለከተች፤ አፏን ዘጋች።

«እኔ ነኝ» አለች ቶይባ። «እናቴ ታማለች። ነገ አገር ልወርድ ነው።»

«ይለፍ ወረቀት አወጡ?»

«ዛሬ ከሰዓት ልመጣ ነበር፣ ላወጣ።»

ስለሺ ራሱን ነቀነቀ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «እንግዲህ እትዬ፣ አይቆጡኝ። ጓድ ሊቀመንበር ስንቅ ያለበትን ቤት ሁሉ እሱ ራሱ ሳያነጋግር እንዳንለቅ ብሏል። የእናንተ ቤት ደግሞ... ያው፣ የጋሽ ረፊቅም ነገር አለ። የቡርቱካንም የሰኞ ቀጠሮ አለ። እስኪመጣ እዚሁ እቆያለሁ። ከቤት ማንም አይወጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ስብሰባ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት።»

ረፊቅ የሚጠብቀው እስከ ስድስት ነው። ቶይባ ይህን ስታስብ ፊቷ እንዳይለወጥ ታግላ፣ ሰሃን ልታመጣ ተነሣች። የስንቁን ከረጢት አፍ ፈታች። ለእሷ መንገድ ነው ካለች በኋላ እንግዳ ተቀምጦ ሳትሰጠው መቅረት አትችልም፤ እንደዚያ ያለ ቤት የለም። ዳቦ ቆሎውን ሰሃኑ ላይ ገለበጠችው። ድምፁ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ ይመስል ነበር።

«በል ቅመስ።»

ስለሺ አንድ እፍኝ አነሣ። አኝኮ ፈገግ አለ። «ልጅ ሆኜ የሚሰጡኝን አስታወሰኝ። ያኔም ቅቤ አይሰስቱም ነበር።»

ቡርቱካን የጓዳው በር ላይ ቆማ ባዶውን ከረጢት ታያለች።

መጀመሪያ የተናገረችው ዓለምነሽ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ጠመንጃ እንዳላየ ሰው፣ በቀጥታ ስለሺን ተቆጣችው።

«ጥሩ! አንተ እዚህ ቆሎ እየቆረጠምክ ባሌ መሸሻ በረሃብ ይሙት?»

«ጋሽ መሸሻ ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ ይለኛል! እግሩ በጀሶ ታስሮ ጳውሎስ ከተኛ ዐሥር ቀኑ አይደለም እንዴ? ምሳውን ማን ያደርስለታል? እኔ በዚህ ወገቤ? ይቺ ልጅ ናት በየቀኑ የምትሸከምልኝ። ነይ ቡርቱካን፣ ሰርቪሱን አንሺ።»

«እትዬ ዓለምነሽ፣ ልጅቷ ትቅር። እርስዎ ይሂዱ።»

«እሺ፣ እንግዲያው አንተ ተሸከም። ጠመንጃህን ለቶይባ ስጣትና ና። እሷ ራሷን ትጠብቅ።»

ስለሺ ሳያስበው ሳቀ፤ ትን አለው፤ ቶይባ ውኃ ቀዳችለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ቡርቱካንን አያት። መሸሻ ሆስፒታል መተኛቱ እውነት ነበር፣ ቡርቱካን ምሳ ማድረሷም እውነት፤ ስለሺ ራሱ ስታልፍ ብዙ ጊዜ አይቷታል።

«ፀጉርሽን ለሆስፒታል ነው የተሠራሽው?» አላት።

ቡርቱካን እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰደደች።

«ቅዳሜ ነው» አለች ቶይባ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምሠራት። ረሳኸው? አንተንም እኮ ቅማል ስለቅምልህ የነበረው ቅዳሜ ነው።»

ዓለምነሽ ከት ብላ ሳቀች። ስለሺ ጆሮው ቀላ።

«ኧረ እትዬ! በቃ ትሂድ፣ ትሂድ። ግን ቶሎ ተመለሽ፣ ሰማሽ? ጓድ ሊቀመንበር ሲመጣ ሁላችሁም እዚህ እንድትገኙ።»

ዓለምነሽ በጓሮው በር ወጥታ ምሳውን አመጣች፤ ሦስት ሳህን ተደራርቦ በአንድ እጀታ የተያዘ የቆርቆሮ ሰርቪስ። ቡርቱካን ተቀበለች። ሻሿን ራሷ ላይ ጣል አደረገች።

ቶይባ ለቦሌ ያስቀመጠችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ደረሰ። ጉንጯን ሰባት ጊዜ ልትስማት፣ ግንባሯን በእጇ ይዛ ልትመርቃት፣ አያትሽን እጇን ሳሚልኝ ልትላት፣ ብርድ ካለ ያባትሽን ሹራብ ልበሺ፣ ሲከፋሽ አታልቅሺ፣ ጻፊልኝ ልትላት ነበር። ጎን ለጎን ቆመው ነበር፣ እጇን ብትዘረጋ ትነካታለች። ስለሺ እያኘከ ያያቸዋል። ምሳ ለማድረስ የምትወጣ ልጅ አትሳምም።

«እማዬ፣ መጣሁ» አለች ቡርቱካን።

«ሂጂ እንግዲህ!» አለች ቶይባ። የገዛ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ሻካራ ሆኖ ተሰማት። «ደግሞ እዚያ ከሰው ጋር ስታወሪ እንዳትውዪ። ያልታጠበ ልብስ አለ።»

«እሺ።» ልጅቷ ደፉ ላይ ደርሳ ቆመች። ሳትዞር፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች፣ «ቀጥታ ነው የምሄደው» አለች።

«ቀጥታ» አለች ቶይባ።

በሩ ተዘጋ።

ቶይባ ተቀምጣ መቆየት ነበረባት። ማንም ሰው ምሳ አድርሳ ለምትመለስ ልጅ ከመቀመጫው አይነሣም። እሷም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን እግሮቿ ቀድመው ተነሡ፤ በረንዳው ላይ ደርሳ ነበር። ረፊቅ በቀባው ቀይ ግድግዳ ተጠግታ ፊቷን ጥልፍልፉ ላይ አደረገች። የእንጨቱ ቀዳዳ አንድ ዓይን ብቻ ያስገባል።

ቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የጠዋቱ ብርሃን ንጹሕ ነበር። ዓለምነሽ ወገቧን ይዛ በዝግታ ትወርዳለች፤ ቡርቱካን ሰርቪሱን በቀኝ እጇ ይዛ ከአጠገቧ። ትከሻዋ በክብደቱ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ሻሿ ከኋላ በደንብ አልተጠቀለለም፤ አንደኛው የሹሩባ ጫፍ ወጥቷል። ቶይባ ይህን አየች፣ የፈታሽ ዓይን ነው፣ ልትጠራትና ልታስተካክልላት እጇ ተነሣ። የባቄላ ነጋዴዋን አለፉ። የውኃ ቦኖውን አለፉ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከታች ወደ ላይ እየወጡ ነበር፤ አንዱ የሰርቪሱን ክዳን በጣቱ ነካ፤ ዓለምነሽ የሆነ ነገር ብላው ሳቀና አለፈ።

«ምን ያያሉ እትዬ?» አለ ስለሺ ከውስጥ።

«ምንም። ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው።»

መንገዱ ወደ ጳውሎስ ሲታጠፍ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ከዚያ በኋላ ከበረንዳው ምንም አይታይም። ቡርቱካን እዚያ ስትደርስ ቆመች። ሰርቪሱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጋ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች፤ ሁለት እጇን ወደ ጫማዋ ሰድዳ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ጣቶቿ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይቋጥራሉ፤ ለአንደኛው እግር ጨርሳ ሌላውን ቀየረች። መንገደኛ በአጠገቧ አልፎ አላያትም። ጫማዋን የሚያሥር ሰው ማን ያያል?

ኮንጎ ማሰሪያ የለውም።

ሁለተኛውንም ቋጥራ ስትጨርስ ቀና አለች። ከዚያ ርቀት ጥልፍልፉ ውስጥ ያለ ሰው አይታይም፤ ቀይ ግድግዳና ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። ቡርቱካን ያንን ታውቃለች። ቢሆንም ቀና እንዳለች ቆየች፤ ዓለምነሽ ክንዷን እስክትነካት ድረስ።

ከዚያ ሰርቪሱን አነሣችና ጥጉን ታጠፈች።

«ፊ አማኒላህ» አለች ቶይባ፣ ለመንገደኛ የሚባለውን ቃል፣ ከንፈሯን እንጨቱ ላይ አድርጋ። እንጨቱ ያረጀ ቀለምና አቧራ ይሸት ነበር።

ተመልሳ ስለሺ ፊት ተቀመጠች። ስለ ጃይፑር ጠየቃት፤ ልጅ ሳለ ጋሽ ረፊቅ የሚያወሩለትን ከፊሉን ያስታውሳል። ዝሆኖቹ አሁንም አሉ? አሉ። ንጉሥስ አላቸው? ነበራቸው። ምን አደረጓቸው? ምንም፤ ሥልጣኑን ተቀበሏቸው፣ ቤተ መንግሥቱ ሰው የሚጎበኘው ሆነ። «ዝም ብሎ? ሳይተኩሱ?» አለ ስለሺ፤ የማያምን መስሎ ሰሃኑ ውስጥ በጣቱ ፈለገ። ቶይባ ለሁሉም መልስ ሰጠች።

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ሰባት ሊሞላ ሲል የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ዓለምነሽ አልገባችም። ከወዲያ ሆና ነው የተናገረችው፤ እንደ ልማዷ ሳትጮህ።

«ቶይባ... መሸሻ ልጅቷን አልለቅም አለኝ። ብቻዬን ከምሆን ትቆይልኝ አለ። እዚያው ትቻት መጣሁ።»

«እሺ» አለች ቶይባ። «እሺ፣ እቴ።»

ስለሺ ማኘኩን አቆመ። ወደ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ ቶይባ ተመለከተ። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ነበር። ጳውሎስ ለመድረስ ሩጫ ከሆነ ሩቅ አይደለም። ቶይባ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። እሱም ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ሰሃኑ ውስጥ ጣለ፤ ከታች ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ስንቁን ጨረስኩባት» አለ፣ በዝግታ።

ቶይባ ቃሉን ልብ አለችው። «ጨረስኩብዎት» አላለም ነበር። እሱም የተናገረውን አልመለሰውም። ጠመንጃውን አንሥቶ ሊቀመንበሩን በር ላይ ሊጠብቅ ወጣ፤ ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ገጠመው።

ቶይባ ባዶውን ከረጢት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ በረንዳው ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ሲመጣ የሚጠይቃትን ሁሉ ታውቃለች። መልሱ የእሷ ነው፤ ቅጣቱም። አሁን ግን ጊዜ አላት። ፊቷን ጥልፍልፉ ላይ አደረገች። መንገዱ ላይ ድንጋዩ ብቻ ነበር።

ከጨረቃ በር ግቢ፣ አለቻት፣ ድምፅ ሳታወጣ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አባትሽን እጁን ያዢው፣ ሊያለቅስ ይችላል። ትንሹን አደባባይ እለፊ። ቤተ መንግሥቱ በግራ ይቀራል። ትልቁ አደባባይ ላይ ስትደርሺ የአያትሽ ቤት ቀጥታ ነው፤ ቀጥታ እንደምትሄጂ ነግረሽኛል።

ግን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ታጠፊ። መስኮቶቹ ላይ ማንም አይታይም። አንቺ ግን ቀና በዪ።